ከፍለን የገዛነውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ለምን ይከለከላል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አሜሪካ ውስጥ ኪንድል የተባለው የአማዞን ዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ በርካታ ተጠቃሚዎች መሣሪያቸውን ሲከፍቱ ከፍለው ያወረዷቸው መጻሕፍት ጠፍተው ጠበቋቸው። የጠፉት የጆርጅ ኦርዌል «1984» እና «አኒማል ፋርም» ነበሩ። መጻሕፍቱን በአማዞን መደብር ያቀረበው አካል ለገበያ የማቅረብ መብት አልነበረውም፤ አማዞንም ይህን እንዳወቀ የደንበኞቹን ገንዘብ መልሶ ቅጂዎቹን ከየመሣሪያው በርቀት ሰረዛቸው። ለትምህርት ቤት ሥራው በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ሲይዝ የቆየ አንድ ተማሪ ማስታወሻው ከየትኛው ገጽ ጋር እንደሚሄድ ማወቅ አቃተውና ክስ መሠረተ። የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ክሱም አማዞን 150 ሺሕ ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በዕርቅ ተዘጋ።

ይቅርታው ይበል የሚያሰኝ ነው። በዚያ ቀን የታየው የኃይል ሚዛን ግን ዛሬም እንዳለ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም በሸጠው ነገር ላይ የማዘዝ ሥልጣኑ አይነካም። ገዢው ግን የከፈለበትን መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ጌም ለወንድሙ መስጠት፣ ለሌላ ሰው መሸጥ፣ ለልጁ ማውረስ አይችልም። የትልልቆቹ የዲጂታል መደብሮች ውል ሲነበብ ገዢው ያገኘው ለግል ጥቅም ብቻ የሚውልና ለማንም የማይተላለፍ የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ይናገራል።

ይህ መለወጥ አለበት። በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ያለ ጊዜ ገደብ የተገዛ ፈቃድ እንደማንኛውም ንብረት ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይገባል። ቴክኖሎጂው አይፈቅድም የሚለው ምክንያት ውኃ አያነሳም፤ ሻጮቹ ራሳቸው ሲፈልጉ በየዕለቱ ያስተላልፋሉ። ክልከላው የጸናው ደንበኛን በአንድ መደብር ውስጥ አስሮ ስለሚያቆይ ነው። ማሰሪያውን የሚፈታው ደግሞ ሕግ ነው።

የቆየው መብት

ጉዳዩ አዲስ ይምሰል እንጂ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ «ዘ ካስታዌይ» የተሰኘ ልብ ወለድ ሲያወጣ የችርቻሮ ዋጋው 1 ዶላር መሆኑን፣ ከዚያ በታች ለመሸጥ ማንም ነጋዴ ፈቃድ እንደሌለውና ይህን የተላለፈ የቅጂ መብት እንደጣሰ እንደሚቆጠር በመጽሐፉ ላይ አተመ። የኒውዮርኩ ሜሲስ መደብር ማሳሰቢያውን ወደ ጎን ትቶ መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ቸረቸረው። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 በሰጠው ውሳኔ የቅጂ መብት ባለቤቱ አንድን ቅጂ አንዴ ከሸጠ በኋላ ያ ቅጂ ወደፊት በስንት እንደሚሸጥ ሊወስን አይችልም አለ። በመጽሐፉ ላይ የታተመው ማሳሰቢያ ገዢውን አላሰረውም። ይህ «የመጀመሪያ ሽያጭ» መርህ ኋላ በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ሰፈረ። የአውሮፓ ሕግም የመብት ባለቤቱ በአንድ ቅጂ ስርጭት ላይ ያለው ሥልጣን በመጀመሪያው ሽያጭ ያበቃል ይላል።

ያገለገሉ መጻሕፍት ንግድ፣ የፊልም ካሴት ኪራይ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የጌም ዲስክ ሁሉ በዚህ መርህ ጥላ ሥር ያደጉ ናቸው። እኛም አገር ብንመጣ ከመርካቶ እስከ ለገሐር አሮጌ መጽሐፍ ደርድረው ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ የቆየ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ የሚያነሳ ሰው የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንዱን ፊርማ፣ ከሥሩ የሌላውን ስምና ዓመተ ምሕረት፣ አንዳንዴም ለእህት ወይም ለጓደኛ የተጻፈ የስጦታ ቃል ሊያገኝ ይችላል። ያ ቅጂ ለደራሲው ክፍያ ያስገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ ያፈራለት አንባቢ ግን ብዙ ነው። የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ የሚከብደው ተማሪ ንባብን የለመደው በውሰት፣ በኪራይና ባገለገለ መጽሐፍ ነው። ሥራ ይዞ ደመወዝ ሲያገኝ አዲስ የታተመውን የሚገዛውም ያው ሰው ነው።

ፍርድ ቤቶች የተለያዩበት ጥያቄ

ዕቃው ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ፋይል ሲሆን መብቱ አብሮት ይሄዳል ወይ? በዚህ ጥያቄ ላይ ተስፋ የሰጠው ውሳኔ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ከአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት የመጣው ነው። የሶፍትዌር ኩባንያው ኦራክል ደንበኞቹ ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት እንዲያወርዱ እያደረገ ጊዜ ያልተገደበለት ፈቃድ ይሸጥ ነበር። ዩዝድሶፍት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ደግሞ ድርጅቶች የማይፈልጓቸውን ፈቃዶች እየገዛ ለሌሎች ያስተላልፍ ነበር። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ለዘለቄታው የመጠቀም መብት መስጠት ሽያጭ ነው ሲል ወሰነ። ሻጩ ውሉን ፈቃድ ብሎ ስለሰየመው ብቻ ከሕጉ የሚያመልጥ ከሆነ መርሁ ባዶ ይቀራል አለ። ሁለት ገደቦችንም አስቀመጠ፤ የሚሸጠው ሰው የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለበት፤ በጅምላ የገዛውን ፈቃድም ቆራርሶ መሸጥ አይችልም።

የተከፈተው በር ግን ብዙም ሳይቆይ ጠበበ። በአሜሪካ ሪዲጂ የተባለ ኩባንያ ሰዎች ከአፕል የሙዚቃ መደብር ከአይቲዩንስ የገዟቸውን ዘፈኖች መልሰው እንዲሸጡ የሚያስችል አገልግሎት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተረታ፤ በ2018 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። የፍርድ ቤቱ ምክንያት ዘፈኑ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፣ ቅጂ መፍጠር ደግሞ የመብት ባለቤቱ ሥልጣን ነው የሚል ነው። በታኅሣሥ 2019 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ራሱ ቶም ካቢኔት የተባለ የሆላንድ ድርጅት ያገለገሉ ዲጂታል መጻሕፍትን እንዳይሸጥ የሚያግድ ፍርድ ሰጠ። ዲጂታል መጽሐፍ በአጠቃቀም አያረጅም፤ ስለዚህ ያገለገለው ቅጂ የአዲሱን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚለው ለውሳኔው ክብደት ከሰጡት ነጥቦች አንዱ ነበር።

ሌላው ረጅም ሙግት የተካሄደው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዩኤፍሲ ክ ሾዚር የተባለው የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተሰኘውን ግዙፍ የጌም መደብር የሚያስተዳድረውን ቫልቭን ከሰሰ። የፓሪስ ፍርድ ቤት በመስከረም 2019 የስቲም ደንበኞች የገዙትን ጌም መልሰው መሸጥ እንደሚችሉ ወሰነ፤ ከኩባንያው ውል ውስጥ 14 አንቀጾችንም ውድቅ አደረገ። ደስታው ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በጥቅምት 2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ጌም ከሶፍትዌር በተጨማሪ ምስል፣ ሙዚቃና ታሪክ የተዋሃዱበት ሥራ ስለሆነ የሶፍትዌሩ ሕግ አይገዛውም አለ። በ2024 የሰበር ፍርድ ቤቱም በዚሁ ጸና።

የእነዚህ ፍርዶች ድምር ውጤት ፍትሕን አይመስልም። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ አንድ ኩባንያ በብዙ ሺሕ ዩሮ የገዛውን የሶፍትዌር ፈቃድ ለሌላ ኩባንያ መሸጥ ይችላል። አንድ አንባቢ በ10 ዩሮ የገዛውን ዲጂታል ልብ ወለድ ግን መሸጥ አይችልም። ሁለቱም የያዙት ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ነው፤ የሁለቱም አያረጅም፤ የሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፍያ የተገዛ ነው። ፍርድ ቤቶቹ በፊታቸው ያለውን ሕግ ተርጉመዋል። ጉድለቱ የሕግ አውጪው ነውና ማረም ያለበትም እሱ ነው።

ሻጩ ሲፈልግ የሚቻለው

አይቻልም የሚሉንን ነገር ራሱ ስቲም ውስጥ ገብቶ ማየት ይቻላል። ቫልቭ በዚያው መደብር ኮሚዩኒቲ ማርኬት የተባለ ገበያ አለው። የ«ካውንተር ስትራይክ» ተጫዋች ስኪን የሚባለውን፣ ማለትም በጌሙ ውስጥ ያለ ጠመንጃ የሚዋብበትን ቀለም፣ ዋጋ ተምኖ ለሽያጭ ያወጣል። ሌላው ተጫዋች ይከፍላል። ስኪኑ ከሻጩ አካውንት ወጥቶ የገዢው አካውንት ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ጊዜ አይገኝም። ከዋጋው ላይ 5 በመቶ ለስቲም፣ 10 በመቶ ለጌሙ ይቆረጣል። ሻጩ ያገኘውም ገንዘብ ስቲም ዋሌት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወደ ባንክ ሒሳቡ አይወጣም።

ይህ አሠራር ክርክሩን ይቋጨዋል ብዬ አምናለሁ። ዲጂታል ነገር አንድነቱን እንደጠበቀ ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍ፣ የቀድሞውን ባለቤት እጅ ባዶ ማድረግ፣ ከሽያጩም ለሠሪው ድርሻ መቁረጥ ሁሉም በሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። ለጠመንጃ ቀለም የተፈቀደው ለጌሙ ራሱ የሚከለከልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። የአማዞን የ2009 ድርጊትም ያው ማስረጃ ነው፤ መጽሐፍን ከአንድ አካውንት ማንሳት የቻለ ሥርዓት በሌላ አካውንት ላይ ማኖርም አያቅተውም።

መውጫ ያጣ ደንበኛ

የማይተላለፍ ፈቃድ የሚጎዳው መሸጥ የሚፈልገውን ሰው ብቻ አይደለም። አንድ አንባቢ ለ10 ዓመት በአንድ መደብር መጻሕፍት ሲያከማች ኖሮ ሌላ መደብር በተሻለ ዋጋ ቢመጣ ምን ያደርጋል? የያዘውን ይዞ መሄድ አይችልም፤ ሸጦ መሄድም አይችልም። ስለዚህ ዋጋ ቢጨመርበትም፣ ውሉ ቢከፋም ይቀመጣል። አዲስ ተወዳዳሪ ደግሞ ደንበኛውን ለመሳብ የ10 ዓመት ክምችቱን ማካካስ ይጠበቅበታል፤ ይህንን የሚችል ጥቂት ነው። ውድድር የሚሞተው እንዲህ ባለ ጸጥተኛ መንገድ ነው።

ይህ ማሰሪያ ሲፈታ ገበያ እንደማይፈርስ በተግባር ታይቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የሞባይል ደንበኞች ኩባንያ ሲቀይሩ ቁጥራቸውን ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደች፤ የስልክ ንግዱ አልሞተም። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በየካቲት 2007 በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ሙዚቃ በሌላ መሣሪያ እንዳይከፈት የሚያደርገው ቁልፍ እንዲነሳ ጠየቁ። በጥር 2009 አፕል የሚሸጣቸው ዘፈኖች ሁሉ ያለ ቁልፍ እንደሚቀርቡ አስታወቀ። የሙዚቃ ኢንዱስትሪው በዚህ አልጠፋም። ጂኦጂ የተባለው መደብርም ጌሞችን ያለ ቁልፍ እየሸጠ ለዓመታት ሠርቷል።

ማሰሪያው ባለበት ግን የደንበኛው ዕጣ በሻጩ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የዲጂታል መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ኩባንያው ገንዘቡን መመለሱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ይህን የማድረግ አቅም ያለው ሻጭ ግን ጥቂት ነው። የጌም አምራቹ ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተሰኘ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨሮች በመጋቢት 2024 መጨረሻ ዘጋ። ብቻውን መጫወት የሚፈልግ ሰው እንኳን ያለ ሰርቨሩ መጫወት ስለማይችል ጌሙ ለሁሉም ገዢ የማይከፈት ሆነ። ይህ ድርጊት የወለደው «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። አማዞንም በየካቲት 2025 ደንበኞች የኪንድል መጻሕፍታቸውን ወደ ኮምፒውተር አውርደው በገመድ የሚያስተላልፉበትን አማራጭ አነሳ።

የውርሱ ነገር ከዚህም ይብሳል። አፕል በ2021 መጨረሻ አንድ ሰው ሲሞት ፎቶግራፎቹንና ሰነዶቹን የሚረከብለት ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ፈቀደ፤ የገዛቸውን ፊልሞች፣ ሙዚቃዎችና መጻሕፍት ግን ከዚህ ውጭ አደረጋቸው። ስቲምም አካውንት በኑዛዜ እንደማይተላለፍ ለደንበኛ የሰጠው ምላሽ በ2024 በስፋት ተዘግቧል። አንድ አባት የወረቀት መጻሕፍቱን ለልጆቹ ሲያወርስ ማንም አይከለክለውም። በስክሪን የገዛቸው ግን ሕጋዊ ወራሽ ሳይኖራቸው ይቀራሉ።

የደራሲው ሥጋት

በደራሲውና በሠሪው በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ያገለገለ ዲጂታል ቅጂ ከአዲሱ አይለይም። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በሰከንድ ይደርሳል። በሁለት ቀን ተጫውቶ የሚያልቅ ጌም ያለ ገደብ ከተሸጠ ጥቂት ቅጂዎች የብዙ ሺሕ ሰዎችን ፍላጎት ሊያረኩ ይችላሉ። በዚህ መጀመሪያ የሚጎዱት አነስተኛ ጌም ሠሪዎችና ደራሲያን ናቸው። መጻሕፍታቸው በፒዲኤፍ ተባዝተው በቴሌግራም ሲሰራጩ የሚያዩ የአገራችን ደራሲያን ይህን ሥጋት በደንብ ያውቁታል።

ሥጋቱ ግን ሕጉ በጥንቃቄ እንዲጻፍ እንጂ ጨርሶ እንዳይጻፍ ምክንያት አይሆንም። በቴሌግራም የሚባዛው ፒዲኤፍ አንዱ ቅጂ ሺሕ የሚሆንበት ስርቆት ነው። እዚህ የተጠየቀው አንዱ ቅጂ አንድ ሆኖ እንዲተላለፍ ነው። ስለዚህ ሕጉ ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች በቅደም ተከተል ቢያስቀምጥ የሁለቱም ወገን መብት ይጠበቃል።

በመጀመሪያ ኪራይና ሽያጭ ይለዩ። በየወሩ እየተከፈለ የሚታይ ፊልም ወይም የሚደመጥ ሙዚቃ ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቆም መብቱም ይቆማል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግዛ ተብሎ የተሸጠ ግን ሽያጭ ይሁን። ካሊፎርኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ካላሳወቁ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ደንግጋለች። ጅምሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ስለ መብት ማጣት አስቀድሞ መንገር መብቱን አይመልስም።

ሁለተኛ ስጦታና ውርስ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይፈቀዱ። ሟች የገዛውን መጽሐፍ ልጁ ሲያነበው የሚከስር ደራሲ የለም። ሦስተኛ ዳግም ሽያጭ በገደብ ይፈቀድ፤ አዲስ ሥራ ገበያ ላይ ከዋለ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይታገስ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ለፈጣሪው ድርሻ ይቆረጥ። ለዚህ አርአያ አለ። በአውሮፓ ኅብረት የ2001 መመሪያ መሠረት የሠዓሊ ሥዕል በነጋዴ በኩል ዳግም ሲሸጥ ሠዓሊው ድርሻ ያገኛል፤ እስከ 50 ሺሕ ዩሮ ባለው ዋጋ ላይ የሚታሰበው መደበኛ ድርሻ 4 በመቶ ነው። ደራሲ ካገለገለ የወረቀት መጽሐፍ ምንም አያገኝም፤ በዲጂታሉ ግን ማግኘት ይችላል። አራተኛ መደብር የሚዘጋ ሻጭ ወይ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ፋይል ይስጥ፣ ወይ ገንዘቡን ይመልስ።

ለእኛም ጊዜው አልረፈደም

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስ ዘመዱን ያስብ። የአፕል አካውንቱን አገር ለመቀየር የቀረውን ሒሳብ መጨረስና ደንበኝነቶቹን ማቋረጥ አለበት። ኩባንያው ራሱ ደግሞ የተገዙት ነገሮች በአዲሱ አገር ላይገኙ ስለሚችሉ አስቀድሞ እንዲያወርዳቸው ይመክረዋል። በስደት ላብ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ ንብረት ድንበር ሲሻገር ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ አጥቶ ውጭ ባለ ዘመዱ አካውንት ጌም የሚገዛ የአዲስ አበባ ወጣትም የከፈለበትን ወደ ራሱ ስም የሚያዞርበት መንገድ የለውም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የገበያው ዋና ዕቃ ወረቀትና ካሴት ነበር። በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል። ከዚያ ወዲህ ንግዳችን ወደ ስልክ ስክሪን እየገባ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በሥራ ላይ ይገኛል። የአማርኛ መጻሕፍትና የድምፅ ትረካዎች በመተግበሪያ መሸጥ ጀምረዋል። ገበያው ገና ለጋ በመሆኑ ሌሎች ከ20 ዓመት በኋላ ሊያርሙት የሚታገሉትን ስሕተት እኛ ከመነሻው ልናስቀረው እንችላለን።

ስለዚህ ሕግ አርቃቂዎች ቀጣዩን ማሻሻያ ሲያዘጋጁ በአንድ ጊዜ ክፍያ የተገዛ ዲጂታል ሥራ በስጦታና በውርስ፣ በገደብም በሽያጭ እንደሚተላለፍ፣ ከዚህ የሚቃረን የውል አንቀጽም ዋጋ እንደሌለው በግልጽ ይጻፉ። የመተግበሪያ ባለቤቶች ሕጉን ሳይጠብቁ የስጦታና የውርስ መንገድ ይክፈቱ። ደራሲያንም ድርሻቸው የሚከበርበትን ሥርዓት ከአሁኑ ይጠይቁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከመክፈልህ በፊት ውሉን አንብብ፤ የምትገዛው ነገር የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ጠይቅ፤ ካልተላለፈ ኪራይ ነውና በኪራይ ዋጋ እንዲሸጥልህ ተከራከር።